ከማተብ ጋር የታሰረ ቁልፍ

ጎህ ሲቀድ የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። ውዴ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አዳመጠች። ድምፁ እንግዳ ነበር። መሀል ላይ ትንፋሽ አጥሮት ተቆረጠ፤ እንደገና ተጀመረ፤ እንደገና ተቆረጠ። አያ ብርሃኑ ሲነፉት እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የእሳቸው ጥሩምባ ከአፋፉ ተነሥቶ እስከ ወንዙ ድረስ አንድ ወጥ ሆኖ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ያን ዕለት የሰፈሩ ሰው የሟቹን ስም ለመስማት መጠበቅ አላስፈለገውም። ጥሩምባውን ሌላ ሰው ከነፋው፣ ያረፉት ጥሩምባ ነፊው ራሳቸው ናቸው።

ውዴ አማተበች። «ነፍስ ይማር» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ዐይኗ ሄዶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ሁለት ስክሪብቶ፣ ካልኩሌተርና የተማሪ መታወቂያዋ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ማታ ነው አዘጋጅታ ያሳደረቻቸው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ የኦፕሬሽንስ ማኔጅመንት ፈተና።

ውዴ ደብረ ታቦር ውስጥ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥባት ትንሽ የባልትና ሱቅ አለቻት። ባሏ ገና በወጣትነቷ ነው የሞተባት። ዘንድሮ ልጆቿ አድገው ከቤት ወጥተዋል፤ እሷ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ኮሌጅ ትማራለች። የክፍሉ ትልቅ ሰው እሷ ናት። ይህ ትምህርት የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ዛሬ የቀረ ተማሪ ምርቃቱ ለከርሞ ይተላለፍበታል፤ ለከርሞ ደግሞ ክፍሉ መኖሩን የሚያውቅ የለም፤ የቅዳሜና እሁድ ተማሪ እየተመናመነ ስለሄደ ሊዘጋ ነው እየተባለ ይወራል።

እዚህ ያደረሷት አያ ብርሃኑ ናቸው። ባሏ በሞተ ጊዜ የእድር ማስታወቂያ በር ላይ ሲለጥፉ ታገኛቸውና «ምን ይላል?» ብላ ትጠይቃቸዋለች። ያነቡላታል። በሌላ ቀንም ትጠይቃቸዋለች። አንድ ቀን ማስታወቂያውን ለጠፉና ዝም ብለው ቆሙ። «ዛሬስ አላነብልሽም። ሀ ብለሽ ጀምሪ» አሏት። ከዚያ ወዲያ በየማስታወቂያው ሥር አንድ አንድ ፊደል እያስያዟት፣ የሰፈሩ ሰው ሞት ሲሰማ እሷ ንባብ ለመደች። የማታ ትምህርት ቤት ወስደው ያስመዘገቧትም እሳቸው ናቸው። «ዘመድ ነኝ» ብለው ፈረሙ፤ ዘመዷ ግን አልነበሩም።

እድሩ የዕቃ ቤቱን ኀላፊነት ለውዴ የሰጣት ቀንም ቁልፉን ያስረከቧት አያ ብርሃኑ ነበሩ። በእጇ አልሰጧትም። «ዞር በይ» አሉና አንገቷ ላይ ካለው ማተብ ጋር፣ ከእንጨት መስቀሏ አጠገብ አሰሩት። «አደራ ከማተብ ጋር ሲታሰር አይረሳም» አሉ። ቋጠሯቸው እንደ ንግግራቸው ጥብቅ ነበር። ማተብ ደግሞ ሲታጠቡም አይወልቅም፣ ሲተኙም አይወልቅም። ስለዚህ ቁልፉ የአንገቷ አካል ሆኖ ኖረ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሰሀኑ፣ የሰፈሩ የኀዘን ዕቃ ሁሉ በዚያች ቁልፍ ሥር ነበር። ሴቶቹ «ባለቁልፏ» ይሏታል። ስሙ ደስ ይላት ነበር፤ ደስ መሰኘቷን ግን ለራሷም አልነገረችም።

የዘንድሮው ትምህርት ሲጀመር መምህሩ ፋሲል አንድ ሥራ አዘዛቸው። ፋሲል ወጣት ነው፤ ለስለስ ያለ፣ መነጽሩን እያወለቀ የሚያስብ ልጅ። «ሁለት ሁለት ሁናችሁ በአካባቢያችሁ ያለ አንድ ሥራ ምረጡ። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ የት ላይ እንደሚንቀራፈፍ አይታችሁ አሻሽሉት» አላቸው። ውዴ ከዘቢባ ጋር ሆነች። ዘቢባ ገበያው መንገድ ላይ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ከውዴ በጥቂት የምታንስ ጨዋታ ዐዋቂ ናት። እንግሊዝኛውን ዘቢባ ድምፅ አውጥታ ታነባለች፤ ውዴ ዐይኗን ጨፍና ትሰማለች። በጆሮ የገባላት ነገር አይጠፋባትም።

የመረጡት የእድሩን የለቅሶ ቤት መስተንግዶ ነበር። ሄደው ሲያዩት፣ አስተናጋጆቹ በአንዲት በር ሲገቡና ሲወጡ ይጋፋሉ። ወጥ የምታወጣዋ ሰሀን ትጠብቃለች፤ ሰሀን የምታጥበዋ ውኃ ትጠብቃለች፤ ኀዘንተኛው ደግሞ ሁሉንም ይጠብቃል። ሳፋዎቹን ከጓሮ ወደ ድንኳኑ ጀርባ አመጧቸው። ምግብ በአንድ በኩል እንዲገባ፣ ባዶ ሰሀን በሌላ በኩል እንዲወጣ አደረጉ። መጀመሪያ ላይ ጎረቤቷ ዝናሽ «ለቅሶ ቤትን ፋብሪካ አደረጋችሁት» ብላ አኮረፈች። በሚቀጥለው ለቅሶ ትኩስ ወጥ የደረሳቸው ሽማግሌዎች ሲመርቋት ግን ምርቃቱን ብቻዋን ተቀበለች።

አያ ብርሃኑ ከታመሙ ወዲህ ውዴ ከክፍል ስትወጣ እሳቸው ዘንድ ጎራ ማለት ልማዷ ነበር።

«እሺ፣ ዛሬስ ምን አስተማሩሽ?» ይሏታል ከተኙበት።

«ማነቆ።»

«ማነቆ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሥራ ሁሉ የሚሄደው በቀርፋፋው ቦታ ልክ ነው ይላል መምህሩ። ሌላው ቢሮጥም ባይሮጥም ለውጥ የለውም። እንደ ገንቦ አንገት ነው።»

አያ ብርሃኑ ሣቁ፤ ሣቁ ሳል ሆነባቸው። «ጥማድስ የሚሄደው በደካማው በሬ ልክ አይደል?»

«ታዲያ አንቱ እያሉ እኔ ኮሌጅ ምን ልሠራ ገባሁ?»

«ዲግሪ የሚሰጥ በሬ የለማ፣ ልጄ።»

ሌላ ቀን ከዘቢባ ጋር ያዘጋጁትን ጽሑፍ አነበበችላቸው። መጨረሻው ላይ፣ «የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ መሆኑ ለሥራው ስጋት ነው፤ ሦስት ሊሆን ይገባል» ይላል።

«ማን ነው የጻፈው?» አሉ።

«እኔው።»

«ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔው ዘንድ።»

«መቼ ታስቀርጪዋለሽ?»

«ከፈተና በኋላ።»

አያ ብርሃኑ ጣሪያውን አዩ። «እንግዲህ እስከዚያ እንዳልሞት ነዋ» አሉ። ቆይተው ደግሞ፣ «ስሚኝማ ውዴ። ሞቴ ከፈተናሽ ጋር ቢገጥም ፈተናሽ ላይ ተቀመጪ። ሬሳ አይቸኩልም» አሏት።

«አያ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይናገሩ።»

«ተናገርሁ። አደራ ነው።»

እነሆ ገጠመ።

ውዴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወደ አያ ብርሃኑ ቤት ወረደች። ወንዶቹ መቃብር ሊቆፍሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ ድንኳኑን የሚተክሉት ሲመለሱ ነው። ሴቶቹ ጓሮ ውስጥ እንጨት ይፈልጣሉ፣ ለንፍሮው ስንዴና ሽንብራ ይለቅማሉ። የሰኔ ጾም ስለሆነ የሚሠራው ሁሉ የጾም ነው። የሟቹ ዘመዶች ከገሳይ በኢሱዙ ተነሥተዋል ተብሏል። ጉና ተራራ ላይ ደመናው ጠቁሯል።

ዝናሽ አየቻትና ወንፊቱን አስቀመጠች። «አንቺ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ለቅሶ ነዋ።»

«ፈተናሽስ?»

«ይቅር።»

«ይቅር? እሳቸው ያሉሽን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አደራ በላ ልትሆኚ ነው?»

«እንዴት አድርጌ ሄጄ ልቀመጥ ዝናሽ? አያ ብርሃኑ እኮ ናቸው።»

«ስለሆኑ ነው እንጂ» አለች ዝናሽ። ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ለሌሎቹ ሴቶች፣ «ሰሀን በዚህ ግባ በዚያ ውጣ እያለች ስታሾረን ከርማ፣ እሷ ከሌለች የማይሄድ ከሆነማ ምኑን ማኔጅመንት ሆነ?» አለቻቸው። ሴቶቹ በኀዘን መሀል ፈገግ አሉ።

ውዴ ተረታች። ሳፋዎቹ የት እንደሚሆኑ፣ ንፍሮውን ማን እንደሚያወጣ፣ ለገሳይ እንግዶች የት በኩል ቦታ እንደሚያዝ፣ ሁሉን ተናገረች፤ ሁሉን አስረከበች። ወደ አስከሬኑ ገብታ ተንበረከከች፤ «አያ፣ መጣሁ» ብቻ አለቻቸው። ከዚያ በባጃጅ ወደ ኮሌጁ ሄደች።

የፈተናው ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ስልኮች በር ላይ ካርቶን ውስጥ ተሰበሰቡ። ዘቢባ ከኋላ ተቀምጣለች፤ በጭንቅላቷ ሰላም አለቻት። ፋሲል ወረቀቱን አደለና «የሚወጣ ሰው ወረቀቱን አስረክቦ ነው፤ ከወጣ አይመለስም» አለ።

ውዴ አቀርቅራ ጀመረች። አንደኛውን ጥያቄ ቀስ ብላ ሠራችው። ሁለተኛው መሀል ላይ ስትደርስ ቆርቆሮው ጠብ ጠብ አለ፤ ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ እንደ ሰኔ ዝናብ፣ ባንዴ። ልቧ ወደ ለቅሶው ቤት ሄደ። ይሄኔ ድንኳኑ ተተክሏል፣ የገሳይ ሰዎች ከዝናብ ገብተዋል፣ ብላ አሰበች። ሴቶቹን አመሰገነቻቸው። ፈጣሪዋን ልታመሰግን እንደ ልማዷ እጇን ወደ ማተቧ ሰደደች።

«ተመስ…»

ጣቷ ያገኘው ቀዝቃዛ ብረት ነበር።

 ሁሉም አንድ ላይ መጣባት። ያልተተከለው ድንኳን፣ እንደተቆለፈ ያለው የብረት በር፣ ዝናብ ውስጥ የቆሙ ሽማግሌዎች። ሁሉን አስረክባ ነበር፤ ይህን ያላስረከበችው፣ ከአንገቷ ላይ የሚወርድ ነገር መሆኑን ረስታው ነው። ስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተነሣች።

ፋሲል ፈጥኖ መጣ። «ወይዘሮ ውዴ፣ ምን ሆኑ? አመመዎ?»

«ቁልፍ።»

«የምን ቁልፍ?»

«የእድሩ ዕቃ ቤት። ድንኳኑ፣ ሰሀኑ፣ ወንበሩ በዚህ ተቆልፏል። ሰውየው ዛሬ ነው የሚቀበሩት። ይኸው አንገቴ ላይ ነው።»

ፊት ያሉት ልጆች ዘወር አሉ። አንዱ «ማነቆ በተግባር» አለ፤ ጓደኛው በክርኑ ጎሸመው።

ፋሲል መነጽሩን አወለቀ። የጻፉትን ጽሑፍ እሱ ነው ያረመው፤ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ገብቶታል። «ደንቡን እኔ አላወጣሁትም» አለ ዝግ ብሎ። «ከወጡ ልመልስዎ አልችልም። ስንት ጥያቄ ሠሩ?»

«አንድ ተኩል።»

 በዚህ ወረቀት እንደማታልፍ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። ውዴ የአያ ብርሃኑን ቃል አስታወሰች፤ ሬሳ አይቸኩልም። ሬሳስ አይቸኩል፤ ዝናብ ግን ይቸኩላል። ወረቀቷን መሰብሰብ ጀመረች።

«መምህር፣ እኔ ጨርሻለሁ።»

ዘቢባ ናት። ወረቀቷን ይዛ በአግዳሚዎቹ መሀል መጣች። ፋሲል ተቀብሎ ገለጠው። «የመጨረሻው ገጽ ባዶ ነው።»

«እሱን አላውቀውም።»

ውዴ ወረቀቱን በጨረፍታ አየችው። የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ማነቆ ነበር። በዚያው ሳምንት ሱቋ ውስጥ፣ የጨርቅ ጣቃ ላይ ተቀምጣ፣ ይህንኑ ለውዴ ያስረዳቻት ዘቢባ ናት፤ ያውም ደጋግማ።

«ዘቢባ፣ አይሆንም» አለቻት።

«ምኑ? የማላውቀውን ልዋሽ?» አለች ዘቢባ ፊቷ ሳይለወጥ። «ይልቅ ቁልፉን ስጪኝ፤ ዝናቡ እየጠነከረ ነው።»

«አይወልቅም። ቋጠሮው ማጅራቴ ላይ ነው፤ ክሩ በጭንቅላቴ አያልፍም።»

ከፊት ያለው ልጅ እርሳስ መቅረጫ ምላጩን ዘረጋ። ዘቢባ እጁን መለሰችበት። «አስቀምጠው፣ የእኔ ወንድም። ማተብ አይበጠስም።»

ከሂጃቧ ላይ ስፒል ነቀለችና ውዴን ዞር አድርጋ፣ ፋሲል ዐይኑን ሳይነቅል እያያቸው፣ ቋጠሮውን በስፒሉ መፍታት ጀመረች። ጨርቅ ላይ ያረጁ ጣቶች ናቸው፤ አልቸኮሉም። ክፍሉ ውስጥ ከቆርቆሮው በቀር ድምፅ አልነበረም።

«ማን ነው እንዲህ አጥብቆ ያሰረው?» አለች በለሆሳስ።

«እሳቸው።»

የዘቢባ ጣቶች ቆም አሉ። «አላህ ይዘንላቸው» አለች። ከዚያ ከበፊቱም ቀስ ብላ ቀጠለች፤ ሰውየው እንዳያማቸው የተጠነቀቀች ይመስል ነበር። ቋጠሮው ላላ። ቁልፉ መዳፏ ላይ ወደቀ። መስቀሉን ከክሩ ጋር መልሳ አንገቷ ላይ አሰረችላትና የሂጃቧን ጫፍ በእጇ እንደያዘች ወጣች። በመስኮቱ ሲያዩዋት በዝናቡ ውስጥ ባጃጅ ለማስቆም እየሮጠች ነበር።

«ይቀመጡ» አለ ፋሲል።  «ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

ውዴ ተቀመጠች። መጀመሪያ እንባዋ ወረቀቱን እንዳያበላሸው በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ከዚያ ጻፈች። መጨረሻው ጥያቄ ላይ ስትደርስ መጽሐፉ የሚለውን አልደገመችም። በምታውቀው አጭር አጭር እንግሊዝኛ፣ አንድ እድር እንዳለ፣ አንዲት ሴት ቁልፍ ሦስት ይሁን ብላ እንደጻፈችና አንዱን ብቻ ይዛ እንደተቀመጠች፣ ለምን ሌላ እንዳላስቀረጸች ሲጠይቋት ጊዜ አጣሁ እንደምትል፣ ጊዜ ግን እንዳላጣች ጻፈች። «ባለቁልፏ» መባሉን ወዳው ነው፣ ብላ አቆመች።

ከፈተናው ስትወጣ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የተሳፈረችበት ባጃጅ ጭቃው ላይ ሲንሸራተት እሷ ውስጥ ሆና ምን ይሉኝ ይሆን ትላለች። ከአያ ብርሃኑ ደጅ ስትደርስ ድንኳኑ ቆሟል፤ ጫፍ ጫፉ ውኃ ያንጠባጥባል። የገሳይ ሰዎች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወንበር ላይ ተቀምጠው ትኩስ ንፍሮ ይበላሉ። ቀብሩ ዝናቡ እስኪያባራ ቆይቶ ነበርና አስከሬኑ ገና ሊወጣ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ፣ ከሳፋዎቹ አጠገብ፣ ዘቢባ እጅጌዋን ሰብስባ ሰሀን ታለቀልቃለች።

ዝናሽ ፀጉሯ ከራሷ ላይ ተለጥፏል፤ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሷል። ያየችው ሁሉ ርሷል። ሽማግሌዎቹም ርሰዋል።

«ዝናሽ» አለች ውዴ፣ «ምነው በሩን አልሰበራችሁትም?»

ዝናሽ የጨው ዕቃውን እያነሣች፣ «ስልክሽ አልነሣ ሲለን ልንሰብረው ነበር» አለች። «ማሩ ዲጂኖ ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹ ከለከሉት።»

ማሩ አዲሱ ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ትንፋሹ አጭር። «እኔማ አንዴ ብለው ይበቃው ነበር» አለ። «እነ አያ ካሳሁን በሩ ላይ ቆሙብኛ። ባለቁልፏ በሌለችበት የእድር በር ከተሰበረ፣ ነገ ሰው ምን ይላል? አላመኗትም ይላል። ሌባ ናት ይላል አሉኝ።»

«ለእኔ ስም ብላችሁ ነው በዝናብ የተደበደባችሁት?»

አያ ካሳሁን፣ የእድሩ ዳኛ፣ ከወንበራቸው ሆነው ሰምተዋት ነበር። ጋቢያቸውን እየጨመቁ፣ «በር ይሠራል፣ ልጄ» አሉ። «ስም ግን ግንበኛ የለውም። ላስቲክ ይዘን ቆምን። ወይ እሷ ትመጣለች፣ ወይ ቁልፉ ይመጣል አልን። መጣም።» ከዚያ ወደ ሳፋዎቹ አገጫቸውን ቀስረው፣ «ያቺ የሙሄ ልጅ ግን ሯጭ ናት» አሉ። ሙሄ የዘቢባ አባት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉንም በአባቱ ነው የሚያውቁት።

ውዴ ወደ አስከሬኑ ስትገባ አለቀሰች። ከልቅሶዋ ምን ያህሉ ለአያ ብርሃኑ፣ ምን ያህሉ ዝናብ ውስጥ ለቆሙት እንደሆነ እሷም አልለየችውም። አያ ብርሃኑን በሰፈሩ ሰው ትከሻ ሸኟቸው። ማሩ መንገድ ላይ ጥሩምባውን ነፋ፤ አሁንም መሀል ላይ ተቆረጠበት። ማንም አልነቀፈውም።

ከቀብር ሲመለሱ ፋሲል ጫማው ጭቃ ለብሶ ደጅ ቆሟል፤ ለቅሶ ሊደርስ ነው። አስገቡት። ንፍሮ ሲቀርብለት ሰሀኖቹ በየት እንደሚገቡ በየት እንደሚወጡ ዐይኑ መከተል ጀመረ። ዝናሽ አየችው። «መምህር፣ ይብሉ» አለችው። «እዚህ ቤት ፈተና የለም።»

ውዴ ሳፋው አጠገብ ከዘቢባ ጎን ተቀመጠችና ሰሀን ማድረቅ ያዘች። 

«ያን ጥያቄ ታውቂው ነበር» አለች ውዴ።

«የቱን?»

«ዘቢባ።»

ዘቢባ ሰሀኑን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው፤ እንደገና አለቀለቀችው። «ቢያንስ ሌላውን ገጽ ሞልቻለሁ፤ አልወድቅም። አንቺ አንድ ተኩል ይዘሽ ብትወጪ ትወድቂያለሽ። የትኛው ቦታ ላይ ብንጨምር ሥራው እንደሚሄድ አስበን መሥራት አለብን ሲባል አልሰማሽም? ወይስ ስትሰሚ ዐይንሽን ብቻ ነው የምትጨፍኚው?»

ውዴ ሣቅ መጣባት፤ ለቅሶ ቤት ነውና በነጠላዋ ሸፈነችው።

ውጤቱ ሐምሌ ላይ ተለጠፈ። ሁለቱም አልፈዋል። ዘቢባ ከልማዷ ዝቅ ያለ ውጤት አገኘች፤ ተመለከተችውና «ይህም ለሰሀን አጣቢ ጥሩ ነው» ብላ ወደ ሱቋ ሄደች። ውዴ ያን ቀን ከኮሌጁ በቀጥታ የሄደችው ቁልፍ ቀራጩ ዘንድ ነበር።

የአያ ብርሃኑ አርባ ፍልሰታ ላይ ዋለ። ድንኳኑ በጊዜ ተተከለ። እድርተኛው ተሰብስቦ ሳለ ውዴ ተነሥታ ሦስት ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንዱ አሮጌ ነው፤ ሁለቱ ያብረቀርቃሉ። አንዱን ለዝናሽ፣ አንዱን ለማሩ ሰጠች።

«ሦስተኛው ያንቺ ነው» አሉ አያ ካሳሁን።

«አይደለም። የዘቢባ ነው። ሱቋ መንገድ ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ ቁልፍ የፈለገ ሰው አያጣትም።»

አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ነቀነቁ። «እሷ እኮ የእድራችን አባል አይደለችም።»

«ያን ዕለትስ አባል ሁና ነው የከፈተችልን?» አለ ማሩ። ሰውየው ጥቂት አሰቡ። «እሱስ ልክ ነህ» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አያ ካሳሁን መረቁ። አሮጌው ቁልፍ፣ አያ ብርሃኑ ያሰሩት፣ ለዘቢባ ደረሰ። ዘቢባ ወዲያው ከስፒሏ ጋር አያያዘችው።

ምግቡ መውጣት ጀመረ። የሰኔው ዝናብ ታናሽ ወንድም የሆነ የነሐሴ ካፊያ ድንኳኑን መታ መታ አደረገው። ውዴ እንደ ልማዷ ልትነሣ እግሯን ሰበሰበች። የዝናሽ እጅ ከኋላ ትከሻዋ ላይ አረፈ።

«ቁጭ በይ።»

«ሳፋው…»

«ሳፋው ቦታው ላይ ነው። ሁሉም ይሄዳል። አንቺ ብይ።»

በዚያ ድንኳን ስንት ሰው አስተናግዳለች፤ ተቀምጣ ቀርቦላት ግን አያውቅም ነበር። ሽሮው ትኩስ ነበር። ዘቢባ ከጎኗ ከአንድ ገበታ ትበላለች፤ ማሩ ጥሩምባ ላይ ትንፋሹ እንደተሻሻለ የሚመሰክርለት ሰው ፍለጋ ዐይኖቹን ያማትራል። ውዴ ከመጉረሷ በፊት እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ጣቷ ያገኘው የእንጨት መስቀሉን ብቻ ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ ቀላል።

«ተመስገን» አለች፤ ቃሉንም እስከ መጨረሻው አለችው።